ኪኒን መስጠት ብቻ አይበቃም

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የመከሩን፥ ሰው በሽታ ከጸናበት በኋላ ከመድከም ይልቅ አስቀድሞ ቢጠነቀቅ የሚሻለው ስለ ሆነ ነው። እኔም በነርስነት ሥራዬ የዚህን ምክር ትርጉም በሚገባ የተረዳሁት ከጂንካ ርቃ በኦሞ ወንዝ ዳር በምትገኘው የካራ ሕዝብ መንደር፥ በዱስ ነው።

ነፍሰ ጡሮችን ለመመርመር ወደዚያ በወረድሁበት ጊዜ አንዲት ወጣት ሴት ቀረበች። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጌ ባየው ነጥቷል፤ ደሟም በተለካ ጊዜ ሄሞግሎቢኑ 10 ግራም ሆነ። በእርግዝና ጊዜ ግን በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ11 ግራም ያነሰ ሲሆን የደም ማነስ ይባላል። ስለዚህ የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሰጠኋት፤ አወሳሰዱንም በአስተርጓሚ ነግሬ፥ ግዴታዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ተመለስሁ።

በወሩ ባየኋት ጊዜ ግን ፊቷ ይልቁን ገርጥቶ፥ ጥቂት መንገድ ስትሄድ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ስለ ኪኒኑ ብጠይቃት አቀረቀረች። አማቷ ግን፥ «ልጄ፥ ያን መድኃኒት ከዋጠች ወዲህ ዓይነ ምድሯ ጠቆረ፤ ሆዷን የሚጎዳ መስሎን እኛው ከለከልናት» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ እጅግ አፈርሁ። ብረት የዋጠ ሰው ዓይነ ምድሩ እንደሚጠቁርና ይህም ጉዳት እንደሌለው አስቀድሜ መንገር የሚገባኝ እኔ ነበርሁና። «እናቴ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም» አልኋቸው። ከዚያም ተቀምጬ፥ ፊት ያልጠየቅሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ምግቧ የማሽላ ገንፎ፥ ከምግቡም ጋር የምትጠጣው የቡና ገለባ ፍል፥ ማለት ሸፈሮ ነው። የማሽላውን ብረት ሰውነት የሚቀበለው በጥቂቱ ሲሆን፥ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ያንኑ ጥቂት ይቀንሱታል። በወንዝ ዳር የሚበዛው ወባ ደግሞ ቀዩን ደም ያጠፋል፤ የመንጠቆ ትልም ከአንጀት ይመጠዋል።

ስለዚህ ሸፈሮውን ከምግቡና ከኪኒኑ ቢያንስ በአንድ ሰዓት እንድታርቅ፥ ሌሊትም በአጎበር ውስጥ እንድትተኛ ተስማማን። ኪኒኑንም አማቷ ራሳቸው ተረክበው፥ በየማታው በእጃቸው ያውጧት ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ብለካት ደሟ ከ11 ግራም አልፎ አገኘሁት፤ ቀኗም በደረሰ ጊዜ በሰላም ተገላገለች።

ይህ ነገር የአንዲት መንደር ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 29ኙ የደም ማነስ እንዳለባቸው ታውቋል። ደሟ የጎደለ እናት በወሊድ ጊዜ ጥቂት ቢፈስሳት እንኳ፥ ሌላዋ የምትችለውን እርሷ አትችለውም፤ ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት ስፍራ ደግሞ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፥ መድኃኒቱ ቢያስፈራችሁ ዝም ብላችሁ አታቋርጡት፤ የሰጠቻችሁን ነርስ ጠይቋት። እኛም ነርሶች ኪኒኑን በእጅ ካስጨበጥን በኋላ ተነሥተን አንሂድ፤ የሚያስፈራቸውን እንጠይቅ፥ ተመልሰንም እንይ። የተሰጠ ኪኒን ሁሉ የተዋጠ አይደለምና።