ጠባይዋ ነው

ቮልስ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ የፊቱ ኮፈን ሲከፈት የሚታየው ሞተር ሳይሆን ተጠባባቂ ጎማና ሰርባትዮ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ ከፊት ተነሥቶ ሞተሩ ዘንድ እስኪደርስ በሾፌሩና በጎኑ በተቀመጠው ሰው መካከል፣ ወለሉን ለሁለት በሚከፍለው ጉብታ ውስጥ፣ በቀጭን የብረት ቱቦ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ ብረት መንቀጥቀጥ አይወድም። ስለዚህ በቱቦው ጫፍና ጫፍ አጫጭር ጎማዎች ተሰክተዋል። ከአዲስ አበባ ሐረር ድረስ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ዓይኔ ሜዳና ተራራ ሲያይ ሐሳቤ የከረመው ከእነዚያ ጎማዎች ጋር ነው።

የቮልስዋ ባለቤት የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ የሒሳብ መምህር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እዚህም በዚሁ ይቅር። ገና ሳንነሣ «የቤንዚን ሽታ አለ» ስላቸው መስታወቱን ዝቅ አደረጉና «ጠባይዋ ነው» አሉኝ።

ላዳ የሚነዱም፣ ዲኤክስ የያዙም እንዲሁ ይላሉ። መኪና ዘይት ብታንጠባጥብ ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ቤንዚን ግን ሌላ ነው። ናፍጣ ክብሪት ቢጣልበት ቶሎ አይያያዝም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ከ3 እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። በቮልስ ደግሞ ብልጭታው ሩቅ አይደለም፤ ዲስትሪቢውተሩና የቤንዚን ፓምፑ ጎን ለጎን ናቸው።

እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ለማስታወሻ የሚሆን ነገር አልሰጠኝም። ቀኝ ይዘን ሄድን፤ የጭነት መኪና ሳይቀር ጥሎን አለፈ።

አዳማ ላይ ሰልፍ ይዘን ሞላን። ሽታው ያኔ ባሰ። ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያውን ኩርባ ስንታጠፍ ጉልበታችን አካባቢ ቤንዚን የተደፋ መሰለ። ይህ ግን በራሱ ፍንጭ ነበር። ሰርባትዮ ሲሞላ ብቻ የሚመጣና ግማሽ ሲደርስ የሚጠፋ ሽታ ከላይ በኩል ነው፤ የክዳኑ ጎማ ደርቋል፣ ወይ መሙያ አፉን ከሰርባትዮው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ጎማ ተሰንጥቋል፣ ወይ የመተንፈሻዋ ቀጭን ቱቦ ወልቃለች። ሲሞላም ሲጎድልም የማይለይ ሽታ ከታች ወይም ከሞተሩ በኩል ይፈለጋል። ጋሼን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ሲሞላ ይብሳል፤ ሲጎድል ግን ከኋላ ይመጣል» አሉ። የሒሳብ መምህር ናቸውና መልሱን ራሳቸው ደረሱበት፤ የሚያፈሰው ቦታ አንድ አልነበረም።

መተሐራ። በግራ ፈንታሌ፣ በሌላ ወገን መንገዱን ሲጋፋ የኖረው የበሰቃ ሐይቅ፣ ከዚያ የሸንኮራ አገዳው አረንጓዴ። የስኳር ፋብሪካው ከጉዳያችን ጋር ዝምድና አለው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከስኳር ተረፈ ምርት የሚወጣ ኤታኖል መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ጀመር፤ የፊንጫ ቀዳሚ ነበር፣ መተሐራም ተከተለ። ለውጭ ምንዛሪ ደግ ሐሳብ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ለተሠራ መኪና ጎማ ግን አልኮል ባዕድ ነው፤ አንዳንዱን ያሳብጠዋል፣ ሌላውን እየደጋገመ አርጥቦ እያደረቀ ይሰነጥቀዋል። በሰርባትዮ ውስጥ የተጋገረውን የዘመናት ዝቃጭም አላቆ ወደ ማጣሪያው ይገፋዋል። መካኒኮች ጥፋቱን ሁሉ ለኤታኖል ሲሰጡ እሰማለሁ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም። ኤታኖል ባይኖርም ጎማ በሙቀት ያረጃል። ኤታኖሉ ያደረገው ቀኑን ማቅረብ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ ተነሥተን ከ1,000 ሜትር በታች ወርደናል። ሙቀቱ ሞተሩን ሳይሆን እኛን ያቀለጠ ይመስላል። አንድ ግራር ሥር ቆምን፣ ሞተሩ ጠፋ፣ እስኪበርድ ሻይ ጠጣን፣ ከዚያ የኋላውን ኮፈን ከፈትን።

ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የምትወጣው ቱቦ ከላይ በጥጥ የተሸመነች ናት። ከሩቅ ስትታይ ደህና ናት፤ ሽመናው ትንሽ ጠቆረ እንጂ አልተበጠሰም። የእነዚህ ቱቦዎች ክፋትም እዚህ ላይ ነው፤ ጎማው ውስጥ ውስጡን ሲሰነጠቅ ጥጡ ይሸፍንለታል። በሁለት ጣት ይዤ ቀስ ብዬ ሳጎብጣት እንደ ደረቀ ቂጣ ተንኮሻኮሸች። ጥጡ ረጠበ። ከሥሯ ያለው ቆርቆሮ ላይ ቀይ ቡናማ ምልክት ወርዷል፤ ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ ሳይታይ ተንኖ ይጠፋል፣ ቀለሙን ግን ትቶ ነው የሚሄደው። ሞተር ሙቅ ሳለ ጠብታ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ጠብታ የሚገኘው በጠዋት፣ ብረቱ ሳይሞቅ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚፈለገው ቀለሙ ነው።

ወደ ፓምፑ በሚገባው በኩል ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ መንገድ ላይ ከመነዳሪ ቀዶ ቱቦዋን ጠምጥሞ በሽቦ አስሯታል። ጋሼ አዩትና ፈገግ አሉ። «ሞጆ ላይ ነው የታሰረው። እስከ ጋራዥ ያደርስሃል ብሎ አንድ ልጅ አሰረልኝ።» መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ። ከመነዳሪ አየርና ውሃ በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ይሆናል። ይቺም ሆናለች። በዚያ ላይ የቮልስ ሰርባትዮ ከፓምፑ ከፍ ስለሚል ይህች ጫፍ መኪናዋ ቆማም ታንጠባጥባለች፤ ሞተር ስለጠፋ አይቆምላትም።

ሽቦውን አጥብቀን፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለችውን ትርፍ ጀሪካን ቤንዚን ለአንድ ባጃጅ ነጂ ሸጠን (ጋሼ ቅር አላቸው፤ እኔ ግን ከእሷ ጋር አብሬ አልቀመጥም አልኩ)፣ በቦርደዴና በሚኤሶ አድርገን ዳገቱን ተያያዝነው።

አሰበ ተፈሪ፣ አሁን ጭሮ። መካኒኩ ከሠላሳ ያልዘለለ ልጅ ነው፤ ጋሼን «አባቴ፣ እዚያ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር አስገረመኝ። ቱቦዎቹን አልነካም፤ የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሸተተው። የፓምፑ ልባስ ከተቀደደ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ በልኩ ላይ ይጨምራል፣ ይቀጥናል፣ ሞተሩንም ይበላዋል። ብዙ ሰው ዘይት ሳይጨምር ዘይቱ ሲበዛለት ደስ ይለዋል። የጋሼ ዘይት ደህና ነበር።

ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ ሄደ፤ ቤንዚን የሚገባባትን አጭር የናስ ቱቦ በጣቱ ነካ አደረጋት። ዞረች። ፋብሪካው ይህችን ናስ በጥርስ አላሰራትም፤ ገፍቶ ነው የሰካት። ካርቡሬተሩ ከሌላ ብረት ስለሆነ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሁለቱ እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጠቡም፤ ዕድሜ ሲረዝም ትላላለች። መንገድ ላይ ከወለቀች ፓምፑ መግፋቱን አያቆምም፤ ቤንዚኑ በቀጥታ በጋለ ሞተርና በዲስትሪቢውተር ላይ ይረጫል። ቮልሶች ከሚቃጠሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ የሞተሩ አካል ብዙ ማግኒዚየም ስላለበት ደግሞ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋት ያስቸግራል። በዚያች ናስ ላይ አንድ ማጣሪያ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ክብደቱ ቀን ከሌት ይስባታል። ልጁ ማጣሪያውን ከዚያ አንሥቶ ከታች፣ ከካምቢዮው በኩል ገጠመው። ናሷን ለጊዜው በሽቦ ከካርቡሬተሩ ጋር አሰራትና «ቶርኖ ቤት ጥርስ ይውጣላት። ይህ ሽቦ ግን እስከ ድሬዳዋ ነው፣ አባቴ፣ እንደዚያኛው እንዳይሆን» አላቸው። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

ጋሼ ከሶማሌ ተራ የገዙትን ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦ ከዳሽቦርዱ አወጡ። «ቤንዚኑ ሲሄድ ስለሚታይ» አሉ። ልጁ ሳቀ። እንዲህ ያለው ቱቦ በቤንዚን ቶሎ ይደርቅና ከጫፉ ይሰነጠቃል። ከጥቅልል ቆርጦ ያሳየን ጥቁሩን ነው፤ ጎኑ ላይ ለነዳጅ መሆኑና ደረጃው ተጽፎበታል። ያልተጻፈበት ቱቦ የውሃ ሊሆን ይችላል፣ የአየር ሊሆን ይችላል። የተጻፈበትም ቢሆን ይለያያል፤ በካርቡሬተር መኪና ግፊቱ ከ0.2 ባር ብዙ አይዘልም፣ በኢንጀክሽን ግን 2.5 እና 3 ባር ይደርሳል። ለቮልስ የተገዛውን ለኢንጀክሽን ኮሮላ የሚሰካ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ልጁ አይቻለሁ አለ።

ፋሼታው ላይ የተናገረውን እንዳለ ጻፍኩት፦ «ሰው ሲያፈስ ያጠብቃል። ሲያጠብቅ ይቆርጣል። ሲቆርጥ ያፈሳል።» ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰፊው ፋሼታ ለራዲያተር ነው የተሠራው፤ በቀጭን ቱቦ ላይ ሲጠብቅ ክብ ሆኖ አይጠብቅም፣ ጎማው በቀዳዳዎቹ ገብቶ ይታረዳል። ልጁ ጠርዙ የታጠፈ፣ ቀዳዳ የሌለው ትንሹን አደረገ። ከመሰካቱ በፊት የብረቱን ጫፍ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ዝገት የበላው ብረት ላይ አዲስ ጎማም አይጨበጥም።

ቁልቢን በምሽት አለፍናት። የታኅሣሥ 19 ሰሞን ቢሆን ኖሮ በዚያ መንገድ ማለፍም አይታሰብም። ሐሮማያ፣ አወዳይ፣ የጫት ገበያው ግርግር፣ ሐረር።

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ የፔጆ 404 አፍቃሪ ይሞላል። መኪናው ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመረተ፤ ፈረንሳዮች በ1975 ሲተዉት ሐረር ገና በታክሲነት እየሠራችበት ነበር። አሁን ባጃጁ አሸንፏል፤ ፔጆዎቹ ግን አልቀሩም። አንድ ሽማግሌ ባለታክሲ የሻንጣ ኮፈኑን ከፍቶ ስንቁን አሳየኝ፦ አንድ ክንድ የቤንዚን ቱቦ፣ ጥቂት ፋሼታ፣ ግማሽ ደረቅ ሳሙና። ሳሙናው ሰርባትዮ በጠጠር ሲበሳ ቀዳዳው ላይ የሚፈገፈግ ነው። ይሠራል፤ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟምና። በውሃ ግን ይታጠባል፣ ክረምት ላይ አትመኑት።

«በፔጆ ሰርባትዮው ከኋላ ነው» አለኝ፤ «ቱቦው ሲሰነጠቅ አያፈስም፤ አየር ይስባል። ዳገት ላይ ያስላል። ሰው ካርቡሬተር ያስፈታል፣ ፓምፕ ይገዛል። እኔ አስቀድሜ ጎማውን ነው የማየው፤ ርካሹ እሱ ነዋ!»

እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ በኋላ ይበልጥ ያስፈልገናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተወሰነ። የኤሌክትሪኩ መምጣት መልካም ነው። እዚህ ያለው አሮጌ መኪና ግን እስኪሞት ይነዳል፤ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ፍሬኑና መብራቱ ሲታይ ጋሼ እንደነገሩኝ ቱቦዋን ያጎበጠላቸው ሰው የለም።

ከሐረር ድሬዳዋ ስንወርድ ቶርኖ ቤት ማግኘት አላስቸገረንም፤ ከተማዋ ከባቡር ጥገና ጋር ያደገች ናት። ባለቶርኖው ናሷን ነቅሎ ጥርስ አወጣላት፣ ለካርቡሬተሩም አፍ ጥርስ አወጣለት፣ በማጣበቂያ አድርጎ አጠበቃት። ሥራው ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ አልፈጀም።

የቀረው ከሰርባትዮው ሥር ያለችው የፊቷ ቱቦ ነበረች። እሷን ለመንካት ሰርባትዮው መጉደል አለበት፣ ጋሼ ደግሞ ሐረር ላይ ሞልተዋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ያሉ የድሮ ተማሪዎቻቸውን በቮልስዋ እየዞሩ እንዲጠይቁና ቤንዚኑን እንዲጨርሱት ተስማማን። መርፌው ሩብ ላይ ሲወርድ ጠዋት በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቱቦዋን እንቀይራለን። አዲሷ ቱቦ ተቆርጣ ከሁለት ትንንሽ ፋሼታ ጋር ዳሽቦርዱ ውስጥ ናት።