ከጣና ዝቅ ብሎ፣ ከበረዶ ሥር

መጀመሪያ ያስገረመኝ ካርታው ላይ ያነበብኩት ቁጥር ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኦሺነን የሚባለው ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,578 ሜትር ላይ ይገኛል ይላል። ደግሜ አየሁት። ጣናችን ከ1,780 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባማ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለካ ዓለም ሁሉ «የአልፕስ ተራራ ሐይቅ» ብሎ ሽቅብ የሚጓዝለት ውሃ ባሕር ዳር ላይ ታንኳ ከሚቀዘፍበት ውሃ ዝቅ ብሎ ነው የተኛው! ፎቶው ላይ ግን ከሐይቁ ጀርባ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል፣ ከገደሉ ራስ ላይ ደግሞ በሐምሌ የማይቀልጥ በረዶ ይታያል። ይህን በዓይኔ ካላየሁ አልኩ፤ ጉዞዬን ማቀድ የጀመርኩትም በዚያው ምሽት ነው።

የአክስቴ ልጅ በርን ከተማ ትኖራለች። ስልክ ደውዬ ሐሳቤን ስነግራት ከእኔ ብሳ ተደሰተች፤ ወዲያውም ትእዛዝ ጀመረች። «ቅዳሜና እሑድን እርሳው። የሥራ ቀን ነው የምንሄደው፣ ማለዳ። ጫማህ የሚይዝ ይሁን። ሹራብ እንዳትረሳ፣ ሐምሌ ነው ብለህ!» ቀኑን ቁረጪልኝ ብላት ግን እንቢ አለች። እኔ የለመድኩት ቀን ቆርጦ፣ ለዘመድ ተናግሮ፣ በዚያው ቀን መነሣት ነው። እዚያ ቀን የሚቆርጠው ደመናው ነው። ሦስት አራት ቀን ባዶ ይተዉና፣ የአየር ትንበያውን እያዩ፣ ሐይቁ ዳር የተተከለውን ካሜራ በስልካቸው እየከፈቱ፣ ሰማዩ የጠራ ዕለት ይነሣሉ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚያዘወትር ጠዋቱን አጥብቀው ይይዛሉ።

ወቅቱንም አስመረጠችኝ። ሐይቁ ብዙውን ጊዜ እንደ ፈረንጆቹ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት በረዶ ሆኖ ይከርማል። ሰው በላዩ ይሄድበታል፤ በረዶውን በስቶ ዓሣ የሚያጠምድም አለ። «በገና ብትመጣ በእግርህ ትሻገረዋለህ» ስትለኝ ዝም አልኩ። ጣናን በእግር ሲሻገሩ ለማሰብ ሞከርኩ፤ ሐሳቡም አልመጣልኝም። ቢሆንም ቀለሙን ነበር የፈለግሁት፤ ሐምሌን መረጥኩ።

ከአዲስ አበባ ስነሣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። በርን ስደርስ ፀሐይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም አልጠለቀችም! በአሥራ ሁለት ሰዓት መሸ ማለት ለለመደ ሰው ይህ ብቻ አንድ ጉዞ ነው። ቁጭ ብዬ ማታውን እጠብቃለሁ፤ ማታው አይመጣም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባቡር ያዝን። ለቀኑ ሁሉ የሚያገለግል ትኬት አስቀድሞ ለገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ የአክስቴ ልጅ ግን የሰማዩን ነገር አውቃ፣ ለነዋሪውም ለእንግዳውም በሚሸጠው የግማሽ ዋጋ ካርድ ነው የተማመነችው። በግራ በኩል ተቀመጥ አለችኝ። ከቱን ከተማ ስናልፍ ምክንያቱ ገባኝ፤ የቱን ሐይቅ መስኮታችን ሥር ተዘረጋ። ይህ ራሱ ለሌላ አገር ዋና መስህብ በሆነ ነበር፤ እዚህ በመንገድ የሚታለፍ ነው። ከዚያ ኒዘን የሚሉት ተራራ ብቻውን ተነሣ፤ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ሹል፣ ግርማ ያለው ተራራ ነው። ቁመቱን ጠየቅሁ። 2,362 ሜትር። አዲስ አበባ ላይ መሬት ላይ ቆሜ የምውልበት ከፍታ ማለት ነው! ሰው ያን ጫፍ ለመርገጥ ዱላ ይዞ ላቡን ያፈሳል።

ከፍሩቲገን በኋላ ባቡሩ መውጣት ጀመረ። መስመሩ ተራራው ውስጥ ገብቶ ይጠመዘዛል፤ ያንኑ ሸለቆ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ መስኮት ያሳያል። የሎችበርግ መስመር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ ከአራት ዓመት በፊት። ካንደርሽቴግ መንደር ላይ ወረድን። እዚያው ጣቢያ መኪኖች ሰልፍ ይዘው ባቡር ላይ ሲወጡ አየሁ። አሽከርካሪዎቹ ከመሪያቸው ሳይነሡ፣ መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ 14.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ዋሻ በባቡር ጀርባ ይሻገራሉ። ቆሜ አየሁ፤ የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ባንገታቸው ባለ ቀለም መሐረብ ያሰሩ ወጣቶች መንደሩን ሞልተውታል፤ ከ1923 ጀምሮ የዓለም ስካውቶች ማዕከል እዚህ ነው ያለው።

ከጣቢያው በመንደሩ አቋርጠን ወደ ኬብል ካሩ ስንሄድ፣ ከቤት ደጅ ካለ የእንጨት ገንዳ ውሃ ይፈስሳል። ጠርሙሴን ሞላሁ። ጥርስ የሚቆረጥም ውሃ ነው። በየመንደሩ ያለ የደጅ ውሃ «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት ይጠጣል፤ ስለዚህ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መነሣት በቂ ነው።

ካቢኑ ከጥዱ ጫፍ በላይ አድርጎ ከወሰደን በኋላ መንገዱ ወደ ሐይቁ በእግር ቁልቁል ነው፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ያህል። መራመድ ለማይችል በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ መኪና አለ። የልጅ ልጃቸውን የያዙ አዛውንት በእርሱ ሲያልፉ አይቼ ልቤ ተነካ። መገናኛው ላይ ቢጫ ምልክት ቆሟል። ተጠግቼ አነበብኩት፤ ኪሎ ሜትር የሚል ነገር የለበትም። የሚጽፈው ሰዓት ነው፤ እዚህ ቦታ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ እዚያ አንድ ሰዓት ከአርባ። ተራራ በርቀት አይለካማ! አገሬ ላይ ባላገር መንገድ ስጠይቅ «ቡና እስኪፈላ ትደርሳለህ» ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ያም ሰው ትክክል ነበር።

ጥዱ ሳሳ፤ ሣሩ ተከፈተ፤ ከዚያ ውሃው መጣ።

ሰማያዊ ነው ልል ነበር፤ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ስል ደግሞ መሐሉ ወደ ሰማያዊ ይሄድብኛል። ዳሩ ላይ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጥቂት እልፍ ሲል ቀለሙ ይጠልቃል፤ ከገደሉ ጥላ ሥር ደግሞ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ብሉምሊስአልፕ ከፊት ለፊት ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ከፍተኛ ጫፉ 3,661 ሜትር ነው። ዶልደንሆርንና ፍሩንደንሆርን ከጎኑ ተሰልፈዋል። ከሐይቁ ፊት እስከ በረዶው ጫፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ግድግዳ በአንድ እይታ ይታያል። አንገቴን ወደ ኋላ ሰብሬ አየሁ፤ ገና አልጨረስኩትም። ከገደሉ ላይ ፏፏቴዎች በቀጭኑ ይወርዳሉ፤ ከሩቅ የሚወርዱ ሳይሆን የቆሙ ይመስላሉ። ቀለሙን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። የበረዶ ግግሩ ድንጋዩን ፈጭቶ ያደቀቀውን ዱቄት ይዘው ይገባሉ፤ ዱቄቱ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ብርሃኑን ይመልሰዋል።

ሐይቁን የሠራው ተራራው ራሱ ነው። ከላይ የተናደ አለት ሸለቆውን ዘጋው፤ ውሃው ተጠራቀመ። የእኛን ወንጪን፣ ዘንገናን፣ የቢሾፍቱን ሐይቆች እሳተ ገሞራ ነው የቆፈራቸው፤ ራሳቸውን ችለው የተቀመጡ ናቸው። ይህኛው በናዳ የተገደበ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 56 ሜትር ይደርሳል። ወንዝ ሆኖ የሚወጣበት መንገድ የለውም፤ በናዳው ሥር ለሥር ሰርጎ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ የካንደርሽቴግ ሰው ከዚያ ይጠጣል፣ መብራትም ያገኛል። ጠዋት ጠርሙሴን የሞላሁበትን ገንዳ አስታውሼ ውሃዬን እንደ አዲስ ተጎነጨሁ።

የቀዘፋ ጀልባ ተከራየን። መሐል ስንደርስ መቅዘፊያውን አነሣሁት፤ ጫፉ ላይ የቀሩት ጠብታዎች ውሃውን ሲነኩ ድምፃቸው ይሰማል። ያኔ ከላይ ነጎደ። ሰማዩን አየሁ፤ ደመና የለም። «በረዶው ነው» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ጣቷን ወደ ብሉምሊስአልፕ እየቀሰረች። ግግሩ ከተሰበረበት ቦታ ነጭ አቧራ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ፤ ድምፁ ከደረሰን በኋላ እንኳ ገና እየወረደ ነበር። ወንድ ልጅ ነኝ፣ ጮኽኩ! ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ገደሉ ሳቃችንን መለሰልን።

ከሐይቁ ተነሥተን ኦበርበርግሊ ወደሚባለው የግጦሽ ቦታ ወጣን። መንገዱ ቀይና ነጭ ቀለም በተቀባ ድንጋይ ይመራል፤ ይህ ምልክት የተራራ መንገድ ነውና ጫማህን አጥብቅ ማለት ነው። በርን ከተማ ውስጥ ማንም ማንንም ሳያይ ያልፋል። እዚህ ሽቅብ የሚመጣው ሁሉ «ግሩዬሰኽ» ብሎ ሰላም ይለናል፤ እኛም እንመልሳለን፤ የሰማንያ ዓመት ሴት ሁለት ዱላ ይዘው እየወጡ ቀድመውን ሰላም አሉን። በደጋው አገራችን መንገደኛ ሳይሳለም እንደማያልፍ ሁሉ እዚህም ተራራው ላይ ሰው ሰውን ያያል። ደስታዬ ከሁሉ እዚህ ላይ በረታ።

ላይ ላሞች አሉ። ለበጋው ከመንደር ይወጣሉ፤ ብርዱ ሲመጣ ይወርዳሉ። ከቃጭላቸው ትልቅነት የተነሣ ገና ሳናያቸው ሰማናቸው። አንዷ ቀረብ ብላ የቦርሳዬን ማንገቻ ላሰችው፤ የላቤን ጨው ፈልጋ መሆኑ ነው። ምላሷ ሻካራ ነው፤ ትንፋሿ ሣር ሣር ይላል፤ ዓይኗ ረጅም ሽፋሽፍት አለው። የእረኞቹ ጎጆ በር ላይ ከእነዚሁ ላሞች ወተት የተሠራ አይብ በእንጨት ገበታ ላይ ቆርጠው ሰጡን። ከእኛ አይብ ጋር አይገናኝም፤ ጠንካራ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ከዋጡት በኋላም አፍ ውስጥ ይቆያል። እማሆይ አያቴ ቢቀምሱት «ይህስ ከርሟል» ይሉ ነበር፤ ሁለተኛ ቁራሽ ግን እምቢ አይሉም። ከታች ባለው አቀበት ላይ አንድ ቤተሰብ አባት፣ እናት፣ ልጆች ሆነው ድርቆሽ ይሰበስባሉ፤ መሬቱ ዘንበል ከማለቱ የተነሣ ማሽን ስለማይገባበት በመንሽ ነው። ልጅየው ከላይ ይገፋል፤ አባትየው ከታች ይቀበላል።

ሆይበርግ የሚባለው ቦታ ደርሰን ሐይቁን ከላይ ስናየው የካርታው ጥያቄዬ ተመለሰ። እኛ ያለንበት ቦታ 2,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዛፉ ግን ሊያልቅ ነው። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ በ3,000 ሜትር ይቆማል። ባሌ ሳነቴ ላይ በ4,000 ሜትር፣ ከዚህ ነጭ ጫፍ ሁሉ በላይ፣ መኪና ይነዳል፣ ጅባራ ይበቅላል። ልዩነቱ ፀሐይ ናት። እኛ የምድር ወገብ አጠገብ ነን፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አናት ላይ ናት። እዚህ 46 ዲግሪ ሰሜን ላይ ብርሃኗ አጋድሎ ይመጣል፤ ብርዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በረዶውም ሰው ወዳለበት ይቀርባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ስኖር አንድም ቀን ያላየሁትን ነገር ዝቅ ብዬ መጥቼ አየሁት።

ተራራው ዛሬም አልረጋም። ከሐይቁ በላይ ሽፒትሰር ሽታይን የሚሉት አለት ስለሚንቀሳቀስ በመሣሪያ ይጠበቃል፤ በእርሱ በኩል ያሉ አንዳንድ የእግር መንገዶችም ተዘግተዋል። ኬብል ካሩ ጣቢያ ላይ የተለጠፈውን ካርታ ሳያዩ እንዳይነሡ። አካባቢው ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ክልል ውስጥ ነው፤ ጥበቃው ጥብቅ ነው፤ ቆሻሻዎን ይዘው ይወርዳሉ።

ጄኔቫ ለስብሰባ የምትመጡ፣ ዙሪክ ዘመድ ያላችሁ፣ አንድ ባዶ ቀን ካገኛችሁ ለኦሺነን ስጡት። ቪዛውን ከአሥራ አምስት ቀን በላይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ማለዳ ተነሡ፤ በግራ መስኮት ተቀመጡ፤ ሹራብ ያዙ። የመጨረሻው ካቢን የሚወርድበትን ሰዓት ስትወጡ አንብቡት፤ ካለፋችሁ እስከ መንደሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ቁልቁል በእግር ነው።