ጥላው የማን ነው?

ከደረጃችን ሥር ብስክሌት ጠፋ። እናላችሁ፣ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ተሰብስበን የበሩን ካሜራ ቀረጻ አየን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ካፖርት የለበሰ ጥቁር ጥላ ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ፊት የለውም። «እዚህ ግቢ ካፖርት የሚለብሰው ማን ነው?» አለ አንዱ። ዓይን ሁሉ ወደ ጥበቃው ዞረ። እኛም ዝም አልን። ማስረጃ መጠየቅ ተምረን፣ በጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ ዝም አልን።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለን የካሜራውን ሴቲንግ ከፈትነው። ለካ ብርሃን የሚለካው ከጠቅላላው ምስል ነው። በራችን ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ስትገባ ካሜራው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ በሩ ላይ ያለው ሰው ይጠቁራል። በዚያው ጠዋት ስንወጣ የተቀረጽነውን ፈልገን አገኘን። እኛም ጥላ ነን።

«ደብሊው ዲ አር» የሚባለውን አበራን፤ አጭርና ረጅም ኤክስፖዠር አጣምሮ ደማቁንም ጨለማውንም ያሳያል። የማታውን ሹተር ደግሞ ከ1/5 ወደ 1/50 ሰከንድ አሳጠርን። በ1/5 ሰከንድ ውስጥ የሚራመድ ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ፊቱ ይደበዝዛል። ምስሉ ትንሽ ቢጨልምም ሰው ይለያል።

በማግስቱ የገባ የወጣው ሁሉ ፊት ነበረው። የድሮው ቀረጻ ግን አይታረምም፤ ብስክሌቱም አልተገኘም። ሁለቱን ምስሎች ለጎረቤቶቻችን አሳይተን ጥበቃውን ይቅርታ ልንጠይቅ ወረድን።

«ልጄ» አሉን ጋሼ፣ «ካሜራውንስ ፀሐይ መታው፤ እናንተን ምን መታችሁ?»

መልስ አጣን።