ቲቡርቲና፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለ ሰፈርሽ ጻፊልን» ሲሉኝ «እኔ ድስት እንጂ ብዕር የት አውቄ!» ብዬ ነበር። ኮሌጅም ሁለት ዓመት ተምሬ ነው ያቋረጥኩት። ግን ሰፈሬን አውቀዋለሁ፣ አንድ የሚጠቅማችሁ ነገርም አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቲቡርቲና እና ስለ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል ሳጥን አወራችኋለሁ።

ቲቡርቲና የሚለው ስም የመጣው ከጥንቱ የሮማውያን መንገድ ነው። መንገዱ ከሮም ተነስቶ ቲቡር ወደምትባለው ከተማ ይሄዳል፤ ዛሬ ቲቮሊ የምንላት ናት፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ባቡር ጣቢያው ደግሞ በስሙ ተጠራ። አሁን የምታዩት ትልቁ የመስታወት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመረቀ። ከሐዲዱ በላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ፣ በአንድ በኩል ያለውን የኖሜንታኖን ሰፈር በሌላ በኩል ካለው ከፒየትራላታ ጋር ያገናኛል። ልጆች፣ በጣቢያው ስታልፉ አንደኛውን ሐዲድ ልብ በሉት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1943 ከሺህ በላይ የሮም አይሁዶች ከዚህ በዕቃ ባቡር ተጭነው ወደ አውሽዊትዝ ተወሰዱ። የተመለሱት አሥራ ስድስት ብቻ ናቸው።

ለእኛ ግን ቲቡርቲና ከሁሉ በላይ የአውቶቡስ መናኸሪያ ናት። ወደ ሚላኖ፣ ወደ ቦሎኛ፣ ወደ ጀርመን የሚሄደው ወገናችን ሻንጣውን እየጎተተ እዚህ ይመጣል። የኔም ምግብ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሌሊት የገባ መንገደኛ ጠዋት ሻይና ፍርፍር ፈልጎ ብቅ ይላል፤ ስንቱን ተቀብያለሁ፣ ስንቱን ሸኝቻለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ጥር፣ ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ ነው። እሁድ የአንዲት ሕፃን ክርስትና ነበር፣ ድግሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንደምታውቁት ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ «የመኪናዬ ባትሪ ደክሞ ነው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው» አይባልም! ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጎመኑ ከጅምላ ገበያው ከቻር መምጣት አለበት። ገበያው የሚገኘው እዚያው የቲቡርቲና መንገድ ላይ፣ ከራኮርዶው ወጣ ብሎ በጉይዶኒያ በኩል ነው፤ ደግሞ የማለዳ ገበያ ነው። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ቁልፉን ባዞር ፉርጎኑ «ጭ፣ ጭ፣ ጭ» አለና ዝም። ደግሜ ብሞክር መብራቱም ጠፋ።

አገር ቤት ቢሆን የሰፈር ልጅ ተጠርቶ ይገፋልኝ ነበር። እዚህ በዚያ ሰዓት ማን ይገፋል? የጎረቤት መኪና አቅርቤ በኬብል እንዳላያይዝ የማንን በር ላንኳኳ? እዚያው መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ልቅሶ ቀረሽ ሆንኩ። ለልጄ ደወልኩለት፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ ወረደ፤ በእጁ ያችን ሳጥን ይዟል። በበጋ ሥራ ባገኘው ገንዘብ የገዛት ናት። ሲገዛት «ገንዘብህን በአሻንጉሊት ትጨርሳለህ!» ብዬ ተቆጥቼው ነበር።

«እማ፣ ኮፋኖውን ክፈቺልኝ» አለኝ።

ከፈትኩለት። እንቅልፉ ገና አለቀቀውም ነበርና ቀዩን ቆንጣጭ በጥቁሩ ቦታ አደረገው። ሳጥኗ ቀይ መብራት አብርታ ጮኸች። ደነገጥኩ፤ «ልቀቀው! ይፈነዳል!» አልኩ። እሱ ግን ረጋ ብሎ ነቀለና አስተካክሎ አሰረው። አረንጓዴ በራ። «አሁን አስነሺ።» ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ተነሳ! እልል ማለት ነበር የቀረኝ፤ ጎረቤት ተኝቷል ብዬ ተውኩት።

በመንገድ ላይ አብሮኝ ሄደ። «እንዲህች ያለች ትንሽ ነገር ይህን የሚያህል ሞተር እንዴት ታስነሳለች?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጆች፣ እሱ የነገረኝን በኋላ እኔም ያጣራሁትን ልንገራችሁ። ባትሪን መጀመሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1800 አሌሳንድሮ ቮልታ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፤ «ቮልት» የሚለው ቃል ከእሱ ስም ነው የመጣው። የመኪናው ከባዱ ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ነው፤ ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ሁለት ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ጠቅላላው 12 ቮልት ይሆናል። ብርድ ሲመጣ አቅሙ ይቀንሳል፤ የሞተሩ ዘይትም ይወፍርና ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ጥር ላይ ባትሪ የሚከዳን ለዚህ ነው። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ስልካችን ሊቲየም ነው። ሊቲየም ቀላል ሆኖ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ያንንም ለጥቂት ሰከንዶች በአንድ ጊዜ መልቀቅ ይችላል። ይህን ዓይነት ባትሪ ያዳበሩ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አንደኛው ጆን ጉዲናፍ ያን ጊዜ ዕድሜው 97 ነበር! አሁን «አርጅቻለሁ» የምትሉ እናቶች ስሙ።

ታዲያ ሳጥኗ የጮኸችው ለክፉ አልነበረም። ደህና የሆኑት ቆንጣጫቸው ላይ መከላከያ አላቸው፤ ቀይና ጥቁር ከተገላበጠ ኃይል አይለቁም። መከላከያ የሌለው ቢሆን ኖሮ የእሳት ፍንጣሪ፣ ከዚያም የባሰ ነገር ሊመጣ ይችል ነበር። ስለዚህ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትዩ፤ ይህ መከላከያ እንዳለው ጠይቁ። ለናፍጣ መኪና ደግሞ ከቤንዚን የበለጠ አቅም ያለው ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናውን አጥፉ፣ መብራትና ሬዲዮም ይጥፋ። መጀመሪያ ቀዩን ቆንጣጭ በመደመር ምልክቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን በመቀነስ ምልክቱ ላይ፣ ወይም መመሪያው እንደሚለው ሞተሩ ላይ ባለ ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ እሰሩ። አረንጓዴ ሲበራ አስነሱ፤ ከአምስት ሰከንድ በላይ አታስጩኹት፣ እንቢ ካለ ትንሽ አርፋችሁ ድገሙት። ሲነሳ ጥቁሩን በፊት፣ ቀዩን ኋላ ፍቱ። ከዚያ ሞተሩን ሳታጠፉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ፣ መኪናው ራሱ ባትሪውን መሙላት ይጀምራል። ነገ ደግሞ ከደከመ ችግሩ ሌላ ነውና ለኤሌትሪሺያን አሳዩት። የተሰነጠቀ ወይም የሚያፈስ ባትሪ ግን ፈጽሞ አትንኩ። አጠገቡ ሲጋራም አይጨስ።

እኔና ልጄ ያን ግማሽ ሰዓት በቲቡርቲና መንገድ ላይ ነዳነው። ፖንቴ ማሞሎ ስንደርስ ዝም አልኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያ የነበረው የስደተኞች የጎጆ ሰፈር በግንቦት ፈርሶ ብዙ ወገኖቻችን፣ ከኤርትራም ከእኛም አገር፣ ሜዳ ላይ ቀሩ። ብዙዎቹ በጣቢያው አጠገብ ወደ ቪያ ኩፓ መጡ፤ የሮም ሰዎች ምግብና ብርድ ልብስ ይዘው ሲያስተናግዷቸው አይቻለሁ፣ እኔም ድስት ይዤ ሄጃለሁ። ልጄ ያኔ ሕፃን ነበር። ይህን ነግሬው አላውቅም ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ምን ልበል? ምግብ ቤቱ፣ ኪራዩ፣ ሩጫው። አብረን ቁጭ ብለን ያወራንበት ቀን ጥቂት ነው።

ወሬ ለመቀየር ስለ አባቴ አነሳሁ። አባቴ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ ነበር። «አያትህ ቢኖር ዛሬ ሞተሪኖውን፣ ካንዴላውን፣ ፍሪሲዮኑን ሁሉ ፈትቶ ያየው ነበር» አልኩት። ልጄ ሳቀ። «እማ፣ ይሄ እኮ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው!»

እውነቱን ነው። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ «መኪና» ራሱ ሳይቀር! በክፉ ዘመን ጣሊያን ትቶት የሄደውን ቃል የኛ መካኒኮች የራሳቸው አድርገውት ቀሩ። አማርኛ ሲያወራ የሚያፍረው ልጄ ያን ሌሊት ስንት የአማርኛ ቃል እንደሚያውቅ ሲቆጥር ነጋ። እስከ ገበያው ድረስ እየተጠያየቅን ሄድን። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ አማርኛ ከበዳቸው ከጋራዡ ጀምሩላቸው!

ሽንኩርቱ ተገዛ፣ ድግሱም በሰላም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኗን ለጎረቤት አበድራለሁ። መኪናቸውን አቁመው ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ሄደው የሚመለሱ ሰዎች ባትሪያቸው ደክሞ ያገኙታል። ጣሊያኖቹ «ባትሪው መሬት ነው» ይላሉ። አንዱ አዛውንት ጎረቤቴ መኪናውን ካስነሳሁለት ወዲህ በምግብ ቤቴ በር ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሳልኛል።

ሁለት ጥፋቴን ደግሞ ልናዘዝ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። አንደኛው፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳጥኗን ፉርጎን ውስጥ ትቻት ነበር። በሮም ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ቀን ባያት ሆዷ ተነፍቷል። ያበጠ ሊቲየም አይሞላም፣ አይበሳም፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣልም፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ወደ ኢዞላ ኤኮሎጂካ ወስደን አስረከብናት፤ ለልጄም ሌላ ገዛሁለት። አዲሷን ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ በየሦስት ወሩም እሞላታለሁ። ስሞላትም እኔ ነቅቼ ባለሁበት፣ በጠንካራ ነገር ላይ እንጂ አልጋ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው፦ አዲስ አበባ ታክሲ ለሚነዳው ወንድሜ አንድ ትልቅ ገዝቼ ከልብስ ጋር ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ፊውሚቺኖ ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝና ቀረ፤ ከኋላዬ የቆመው ሁሉ የውስጥ ልብሴን ጭምር አየ! ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ መንገደኛ አይይዝም። ልጆች ይህን ሒሳብ ለወላጆቻችሁ ሥሩላቸው፦ ዕቃው ላይ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ተብሎ ቢጻፍ፣ ሁለቱን አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ያልፋል። 30,000 ቢሆን ግን 111 ነው። ለማንኛውም ከመሄዳችሁ በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ጨርሶ የማይቀበሉም አሉ።

ለወንድሜ በሁለተኛው ጉዞ ትንሿን በእጄ ይዤለት ሄድኩ። «እህት ዓለም፣ አሁን እኮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ ሁሉም ኤሌክትሪክ ሊሆን ነው፣ ይህ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም አወቅሁበት፦ በኤሌክትሪክ መኪናም ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለ፤ እሱ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ «ዛሬ ሁለት ሰው አስነሳሁባት» አለኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ክረምቱ ሳይገባ ባትሪያችሁን አስለኩ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ደህና ነው። በቲቡርቲና ስታልፉም ጎራ በሉ፣ ሻይ በእኔ ይሁን። ልጄም አለ፤ አሁን እንግዳ ሲመጣ በአማርኛ «እንደምን አደሩ» ይላል። በቸር ያገናኘን!