ከከሚሴ ቢሮዎች በር ላይ

ዓርብ 5፡30 ሲል የከሚሴ ቢሮዎች ይዘጋሉ። ሠራተኛው ለጁምዓ ይወጣል፤ 7፡30 ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት በፊርማ መዝገብ ሲካሰሱ የሚያረፍዱ አለቃና ሠራተኛ በዚህ ሰዓት ሲጨቃጨቁ አላየሁም። የመንግሥት የሥራ ሰዓት ራሱ ለሶላት ቦታ ትቷል። ሠራተኛን ያከበረ፣ ግን ከበጀት ሳንቲም ያልወሰደ ነገር ጥቀስ ብባል ይህን እጠቅሳለሁ።

*

በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲስተካከል ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ከፍ አለ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ሲመርቅ ፎቅ ላይ ያለው ባለሙያ አኮረፈ። ሁለቱም እኮ ተጨምሮላቸዋል! ባለሙያውን ያስኮረፈው የኑሮ ውድነቱ ብቻ አይደለም፤ ዓይኑ ጥበቃው ላይ ነበር። መስከረም 2018 ጣሪያው 39,000፣ ወለሉ 6,000 ሲሆን ደግሞ ኩርፊያው ከፎቅ ወደ በር ወረደ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ደመወዝ ቅሬታ ያስታግሳል እንጂ ሰውን ለሥራ አያተጋም ብሎ ጽፏል። የጠየቃቸው ግን የፒትስበርግ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ነው፤ በ1,100 ብር ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ ሰው አልጠየቀም።

*

መመሪያው ከባሕር ዳር በአማርኛ ይመጣል፤ ከሚሴ የምትገኝበት ዞን የሥራ ቋንቋ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ስብሰባው መሀል አንድ ሰው ተነስቶ ይተረጉማል። የሱ ድካም በምዘና ቅጹ ላይ ነጥብ የለውም።

*

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ቀበሌ፣ ወደ 5,000 ለሚጠጋ ሕዝብ፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደባሉ። በደዌ ሀረዋ ቆላ የክትባት ሳጥን አንግታ የምትዞር ልጅ ዘንድ «የድጋፍና ክትትል» ቡድን በመኪና ይመጣል። መዝገቧን ያገላብጣል፣ «ይስተካከል» ብሎ ይጽፋል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ክትትሉን አይቻለሁ፤ ድጋፉ መንገድ ላይ ሳይወርድ አልቀረም።

*

ጨፋ ላይ ማሽላ ሲታጨድ ደቦ የጠራ ገበሬ ማጭዱን ይዞ ከፊት ይገባል። ምግቡን ቢያሳንስ ማንም ቁጭ ብሎ አይገመግመውም፤ በዓመቱ ሲጠራ የሚመጣለት ያጣል እንጂ።

*

ቢሮ ውስጥ ግን በየስድስት ወሩ ቅጽ ይሞላል። አለቃው ከማንም ላለመጣላት ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ይሰጣል፤ የለፋውና ያንቀላፋው አንድ ረድፍ ላይ ይቆማሉ። ታታሪው የሚናደደው ነጥቡ ስላነሰ አይደለም፣ ከማን ጋር እንደተስተካከለ ሲያይ ነው። ይህን ቸርነት የሚሉት አለቆች አሉ፤ እኔ ስንፍና እለዋለሁ።

*

የሰው ሀብት ክፍል አለቃን መመዘን ከፈለገ መጠይቅ መበተን አያስፈልገውም፤ ከየትኛው ክፍል ስንት የዝውውር ማመልከቻ እንደመጣ ይቁጠር። ማመልከቻዎቹን ማንበብ ግን ብዙም አይጠቅመውም። ምክንያቱ ሁሉም ላይ አንድ ነው፦ «የቤተሰብ ጉዳይ»።