የሚንቀጠቀጥ የሣር ማጨጃ

በአሜሪካ አገር በከተማ ዳር የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። ተቀምጦ የሚነዳው የሣር ማጨጃ መኪናው ይንቀጠቀጥና ይንኳኳ ዠመር። ድምፁ ከሞተሩ የሚወጣ ስለ መሰለው፥ የሞተሩን ቡሎን ኹሉ ሲያጠብቅ ዋለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልተወውም።

በማግሥቱ ሳይፈርድ ሊመረምር ወደደ። ሞተሩን አስነሥቶ ቢላዎቹን ሳያዞር ቢያየው፥ መኪናው ጸጥ ብሎ ቆመ፤ ባዞራቸው ጊዜ ግን ተናወጠ። እንግዲህ ጥፋቱ ከታች ከቢላዎቹ፥ ከዘንጋቸው ወይም ከቺንጋው መኾኑን ዐወቀ። ሞተሩ ድንገት ተነሥቶ እጁን እንዳይቈርጠው አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለ፤ የካንዴላውንም ገመድ ለየ።

ቢላዎቹን ፈትቶ በየተራ በመካከላቸው ባለው ቀዳዳ ከምስማር ላይ ቢሰቅላቸው፥ አንደኛው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ለካ ከድንጋይ ተጋጭቶ ጫፉ ተሸርፎ ኖሯል። የከበደውን ወገን በሞረድ ሞርዶ ሚዛኑን ሊያስተካክል ሲል ግን በብረቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየ። የልጅ ልጁ ዘወትር በሜዳው ዳር ቆሞ ያየው እንደ ነበር ትዝ አለውና ደነገጠ፤ የተሰነጠቀ ብረት እየዞረ ቢሰበር እንደ ጥይት ይወረወራልና። ወዲያው በአዲስ ለወጠው።

ድምፁ ሰም፥ ምክንያቱ ወርቅ ነው፤ ሰሙን ብቻ የሚሰማ ሰው ንጹሑን ሞተር ሲወቅስ ይውላል።