አውቶሞቢልን በገዛ እጅ ስለ መጠበቅና ስለ ቤት ቁጠባ

ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው ከደመወዙ ላይ ለቀለብ፥ ለልብስና ለልጆች ትምህርት የሚሆነውን ከለየ በኋላ፥ የቀረውን ገንዘብ ምን እንደሚወስድበት ቢመረምር፥ አውቶሞቢል ያለው እንደ ሆነ መልሱን በደጁ ቆሞ ያገኘዋል። አውቶሞቢል እንደ በቅሎ ገብስና ሣር አይሻም፤ ነገር ግን ሲሄድም ሲቆምም ይበላል። እኛ በደብረ ብርሃን ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል፥ ዕድሜያችንም ከአርባ ያለፈ ሰው ስንሆን፥ በዚህ ነገር ያገኘነውን ትምህርትና ከትምህርቱም ጋራ ያገኘንን እፍረት ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ከዚህ በታች እንጽፋለን።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አስነሥቶ፥ በረሓውንና ተራራውን አቋርጦ አዲስ አበባ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። አፄ ምኒልክ ከኛው አገር ከአንጎለላ በ1836 ዓ.ም የተወለዱ፥ መጀመሪያም መናገሻቸው አንኮበር የነበረ ንጉሥ ናቸው፤ ወደ አንኮበር አቀበት ከበቅሎና ከአህያ በቀር የሚወጣ መጓጓዣ ባልነበረበት ዘመን ያደጉ ሲሆኑ፥ መኪና በመጣ ጊዜ ግን ደስ ብሎአቸው ተቀበሉት። ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀርም አዋጅ አስነግረው ነበር። ዳሩ ግን ያ አዋጅ እስከ ዛሬ ድረስ በልባችን ፈጽሞ የገባ አይመስልም። እኛ አንድ ቅዳሜ ቱታ ለብሰን ከአውቶሞቢላችን ሥር ተኝተን ሳለን፥ በመንገድ ያልፍ የነበረ የሥራ ጓደኛችን «ጸሐፊው ምን ደረሰባቸው?» ብሎ በሐዘን ቃል ሲጠይቅ ሰምተነዋል። የደረሰብን ነገር የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ ብቻ ነበር።

በልጅነታችን በአንኮበር አካባቢ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ፊደል ቈጥረን፥ ዳዊት ደግመን፥ ከዚያ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ተምረናል። የኔታ ያስተማሩን አንዱን ፊደል ሳያውቁ ወደሚቀጥለው መዝለል እንደማይገባ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ያስተምሩን የነበሩት መምህር ደግሞ አንድ የተበላሸ የልብስ ስፌት መኪና ሰጥተውን ስንፈታው፥ የተፈታውን ብሎን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ በተፈታበት ተራ እንድናኖር ያዙን ነበር፤ ስንገጥመውም ከመጨረሻው ተነሥተን ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን። እነዚህ ሁለት ትምህርቶች አንድ መሆናቸውን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ከአውቶሞቢል ሥር ተኝተን ነው።

አውቶሞቢላችን በ2011 ዓ.ም ከሌላ ሰው የገዛነው፥ በተለምዶ ዲኤክስ የሚባለው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ድምፁ በተለወጠ ቍጥር ወደ ጋራዥ እንወስደው ነበር፤ ከዚያም የታዘዘውን መለዋወጫ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ፥ መርካቶ ከሚገኘው ከሶማሌ ተራ እናስመጣ ነበር።

ዓይናችንን የከፈተልን የራዲያተር ነገር ነው። ዘመድ ጠይቀን ከአንኮበር ስንመለስ በአቀበቱ ላይ የሞተሩ ውሃ እየፈላ ይገነፍል ጀመር። አንድ መካኒክ ራዲያተሩ ይለወጥ አለ፤ ያገለገለው እንኳ ከወር ደመወዛችን እኩሌታ የሚበልጥ ዋጋ ተጠራበት። ገንዘቡን ከመላካችን በፊት ሞተሩ እስኪበርድ ቆይተን ክዳኑን ከፍተን ብናየው፥ በውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የክዳኑ ሥራ ምን እንደ ሆነ መጽሐፍ አገላብጠን ተረዳን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አገር ስለ ሆነ፥ አየሩም የሳሳ ስለ ሆነ፥ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግን እንፋሎቱን አፍኖ ይይዝና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ማድረግ አይችልምና፥ በቆላ ያልታወቀው ጉድለት በደጋ ይገለጣል። አዲስ ክዳን ገዛን፤ በተራ ውሃ ፈንታም ዝገትንና የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚከላከለውን ኩላንት ጨመርን፤ መፍላቱም ቀረ። ያ ሊጣል የተፈረደበት ራዲያተር እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በፍርድ ቤት ምስክር ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። እኛ ግን በየጊዜው ሳንመረምር በመለዋወጫ ዕቃ ላይ ስንፈርድ መኖራችንን ያን ቀን አስተዋልን። ከዚያ ወዲህ ካንዴላዎቹን በገዛ እጃችን እየፈታን እናያለን። የካንዴላ ጫፍ ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ቡና መልክ ሲኖረው ሞተሩ ደኅና ነው፤ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል፤ ፈጽሞ የነጣ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው። የኛ ካንዴላዎች ጠቍረው ባየናቸው ጊዜ ሞተሩ አለቀለት ብለን ደንግጠን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ በደጋ አየሩ የሳሳ ሲሆን ካርቡራተር ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ ከመጣ የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛል፤ በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮአችን በአቧራ ታፍኖ ነበር። ፊልትሮውን አራግፈን፥ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር አስነፍተን፥ ካርቡራተሩንም ዐዋቂ ሰው አስተካክሎልን ሞተሩ ነፍስ ዘራ። አንድ ጊዜ የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ አሳስተን ሞተሩ ሲስልና ሲተኵስ የሠፈሩ ልጆች እንደ ሳቁብን አንሸሽግም፤ ነጩን ጨርቅ ረስተን ነበርና።

ባትሪም እንዲሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ሞተሪኖው ሲደክም ብዙ ሰው አዲስ ባትሪ ለመግዛት ይቸኵላል። ብርድ የባትሪን ኀይል መቀነሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በጫፎቹ ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ነው። መጀመሪያ የነጌቲቩን፥ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ገመድ ፈትቶ፥ በሙቅ ውሃና በብሩሽ አጥቦ፥ አድርቆ፥ መልሶ አጥብቆ ማሰር፥ ከላይም ጥቂት ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። እኛ በዚህ መንገድ አንዱን ባትሪ ሁለት ክረምት አሳለፍነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፍበት አንድ መዝገብ እንደ ሥራችን ልማድ አበጀን፤ ቀኑ፥ የተሄደው ኪሎ ሜትር፥ የተለወጠው ዕቃ፥ ዋጋው፥ የገጠመውም ሰው በየረድፉ ይጻፋል። የፊተኛውን ዓመት ደረሰኝ ሰብስበን ብንጽፈው፥ ከገዛናቸው ሰባት ዕቃዎች አራቱ ያልተበላሸ ዕቃ የተተኩ ሆነው ተገኙ። በዚህ መዝገብ እጅግ ኮራን፤ ለወዳጆቻችንም እናሳይ ነበር። ነገር ግን በዚያው መዝገብ ውስጥ «የፍሬን ዘይት» የሚለው ረድፍ አውቶሞቢሉን ከገዛን ጀምሮ አራት ዓመት ያህል ባዶ ነበር። ዘይቱ ጎድሎ አላየንምና አንድም ቀን አላሰብነውም፤ ባዶውንም ረድፍ እንደ ትርፍ ቈጠርነው። የፊት ፍሬን ሸራም ባለቀ ጊዜ በሳጥኑ ላይ የሠሪው ስም የሌለበትን፥ ዋጋው እጅግ የቀነሰውን መርጠን ገዝተን በገዛ እጃችን ገጠምን።

በ2015 ዓ.ም ከጥምቀት በኋላ አማታችንን ለመጠየቅ ከባለቤታችንና ከሁለት ልጆቻችን ጋራ ወደ ሸዋ ሮቢት ተነሣን። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፥ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያስፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ፥ ደብረ ሲናን አቋርጦ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ምን ያህል ቍልቍል እንደሚወረድ ያውቃል። እኛም ከዋሻው ወጥተን፥ ቤንዚን እንቆጥባለን ብለን በከፍተኛ ማርሽ፥ እግራችንን ከፍሬን ሳናነሣ እንወርድ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከአንድ ጥምዝ በፊት ፍሬኑን ብንረግጠው ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ወረደ።

በዚያች ሰዓት ገደሉ በቀኝ፥ ተራራው በግራ ነበር። ማርሹን ወደ ሦስት፥ ከዚያ ወደ ሁለት አወረድን፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልን ሳብን፤ ከፊት የሚመጣ አለመኖሩን አይተንም ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋነው። አውቶሞቢሉ ከአፈሩ ቁልል ገብቶ ቆመ። የእጅ ፍሬን የኋላውን እግር የሚይዘው በዘይት ሳይሆን በሽቦ ገመድ ስለ ሆነ አዳነን። ወርደን ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግን። ባለቤታችን ልጆቹን ይዛ ዳር ከቆመች በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም «ለመሆኑ የቈጠብነው ገንዘብ ስንት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ዋጋውን በመዝገብ ጽፈነው ስለ ነበር እስከ ሳንቲሙ እናውቀዋለን፤ ግን አፋችንን ከፍተን መናገር አልቻልንም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ደግሞ «አባባ፥ ይህም በመዝገቡ ይጻፋል?» አለችን።

አንድ የጭነት መኪና ነጂ አይቶን ቆመ፤ የጎማውን ሙቀት በእጁ ቀርቦ ከለካ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ዘይቱ ፈልቷል፤ እስኪበርድ ይታገሡ። ይህን ቍልቍለት በሚወጡበት ማርሽ ነው የሚወርዱት» አለን። እንዳለውም ሞተርና ጎማ ከበረደ በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ፤ በዝቅተኛ ማርሽ እየተጎተትን ደብረ ሲና ገብተን ዐዋቂ መካኒክ ዘይቱን አወጣው። እንደ ቡና ጠቍሮ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት በጠጣ ጊዜ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም እንደ ፈሳሽ ሳይሆን ሲጫኑት የሚታመቅ ነውና የእግር ኀይል ወደ ጎማው አይደርስም። እኛ ያልተበላሸውን ራዲያተር ከመጣል አድነን፥ ሳይጎድል የሚያረጀውን ዘይት ሳንለውጥ ቀረን። የመጀመሪያው ቁጠባ ከዕውቀት የመጣ ነበር፤ ሁለተኛው ግን የቁጠባ ልብስ የለበሰ ንፍገት ነው።

ዛሬ ነገሩ ለብዙ ቤተ ሰብ ከፊቱ ይልቅ የሚያሳስብ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የውጭ ዕቃ ዋጋ ጨምሯል። ስለዚህ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ጠብቆ ማኖር ግድ ነው። ካገኘነው ልምድ ለአንባቢ የሚጠቅመውን በአጭሩ እንደሚከተለው አድርገናል።

1ኛ፤ በየሳምንቱ ሞተሩ ሳይነሣ የሞተር ዘይት፥ ኩላንት፥ የፍሬን ዘይት፥ የጎማም ንፋስ ከነስኮርታው ይታይ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከቶ አይከፈት።

2ኛ፤ የጥፋቱ ምክንያት ሳይታወቅ መለዋወጫ አይገዛ፤ ሲገዛም አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ይገባል።

3ኛ፤ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ መስተዋት፥ የበር እጀታ፥ የመብራት ሽፋን፥ መቀመጫ ያገለገለ ቢሆን አይጎዳም። የፍሬን ሸራ፥ ጎማና የመሪ መገጣጠሚያ ግን አዲስና ሠሪው የታወቀ ይሁን።

4ኛ፤ የፍሬን ዘይት ቢጎድልም ባይጎድልም በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይጨመር። የፍሬን ሥራ በዐዋቂ እጅ ይሠራ፤ ቢያንስ በዐዋቂ ዓይን ይመርመር።

5ኛ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ አውቶሞቢል ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግለት።

6ኛ፤ ቍልቍለት በሚወጣበት ማርሽ ይወረድ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ብቻ እንዳልሆነ በጣርማ በር ላይ ተምረናል። ልጃችን ለጠየቀችው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ሆነ፤ የዚያ ቀን ነገር በመዝገቡ ከነእፍረቱ ተጽፏል። የፍሬን ዘይት ረድፍንም ከዚያ ወዲህ የምትሞላው እርስዋ ናት፤ ቀኑ በቀረበ ጊዜ ከሁለት ሳምንት አስቀድማ ታስታውሰናለች። እንደኛ መዝገብ ያለው አንባቢም ቢኖር፥ ከተጻፈው ይልቅ ባዶ የቀረውን ረድፍ አስቀድሞ እንዲመለከት እንመክራለን።